የሠላሳ ዓመቱ ጂፕ እትዬ ዘርፌን ሊያመጣ ሄደ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ጎንደር ካለው ሰፈሬ ከማራኪ ስነሣ ጎረቤቶቼ በየበራቸው ብቅ ብቅ ብለው አዩኝ። ሊሸኙኝ እንዳይመስላችሁ፤ ማኪናዬ ይነሣ አይነሣ እንደሆነ ሊያዩ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለታችንም ችግር አለብን፤ እኔን ወገቤ ይይዘኛል፣ ጂፔን ብርዱ። በሦስተኛው ሙከራ አጉረምርሞ ተነሣ። እኔ በሁለተኛው ተነሥቼ ነበርና ያን ቀን አንድ ለዜሮ መራሁት።

የጉዞዬ ዓላማ ታላቅ እኅቴን እትዬ ዘርፌን ከዳባት ማዶ ካለው መንደሯ አምጥቶ ለሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ማድረስ ነበር። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸዋል። ሐኪሞቹ ሊገፍፉላት ሁለት ጊዜ ቀጥረዋት ሁለቱም አለፋት። መንደሯ አውቶቡስ አይደርስም፤ በበቅሎ እንዳትመጣ ዳሌዋ እምቢ አለ፤ በቃሬዛ እንዳትመጣ ደግሞ ኩራቷ። «በቃሬዛ የምሄደው አንድ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜም አላየውም» ትላለች። ይህ ሦስተኛው ቀጠሮ ነው፤ ካለፈ መቼ እንደሚገኝ ማንም አያውቅም።

ስለ ጂፑም ልንገራችሁ። ጀርመን አገር ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬ ጠቅልዬ የተመለስኩት፣ ተመላሽ የሆነ ሰው ለግል መገልገያው አንድ ማኪና ይዞ መግባት በሚፈቀድለት ጊዜ ነበር። ወዳጆቼ ሁሉ «የሚያብረቀርቅ አምጣ» አሉኝ። እኔ ግን የእትዬን ዳገት ስለማውቅ፣ ከአንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ድርቆሽ የተጫነበትን አሮጌ ጂፕ መርጬ በመርከብ ጫንኩት። ጅቡቲ ወደብ ላይ የተቀበለኝ ሰው ዞሮ ዞሮ አየውና፣

«አባት፣ ይኼ ማኪናው ነው ወይስ መለዋወጫው?» አለኝ።

ለእሱ ዕድሜ የተጠየቅሁት ወረቀት ለራሴ ጡረታ ከተጠየቅሁት ይበልጣል። በመጨረሻ «ለግል መገልገያ ብቻ» የሚል ማኅተም አርፎበት ገባ። ለኪራይ ከሠራ ይወረሳል፤ ይህን እወቁልኝ።

ወለቃና አምባ ጊዮርጊስ

ወለቃ ላይ ሸክላ ሻጮቹ ዕቃቸውን ከመንገዱ ዳር ገና እየደረደሩ ነበር። ለእትዬ አንድ ድስት በሁለት መቶ ብር ገዛሁ። ሻጯ ድስቱን በጨርቅ እየጠቀለለች ጂፑን ሰረቅ አድርጋ አየችው።

«አያ፣ ይህ ማኪና የድሮ ጎረቤቶቻችን ወደ እስራኤል ሲሄዱ ጥለውት የሄዱት ነው?»

«የለም፤ እነሱ በሄዱበት በኩል የመጣ ነው።»

«ታዲያ ምነው እነሱ ሲያምርባቸው ይህ እንዲህ ሆነ?» ብላ ሣቀች። ድስቷ ሸጋ ስለነበረ ይቅር አልኳት።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ብርዱ አጥንት ይቆጥራል። ፍርፍር በሻይ በላሁ። የገብሱ ማሳ በሁለቱም በኩል ገና እርጥብ ነበር። ከዳባት አስፋልቱን ትቼ በስተቀኝ ስታጠፍ ግን የጂፔ ቀን መጣ። ድንጋዩ እንደ በግ መንጋ መንገዱን ሞልቶታል፤ ከታች ወንዝ አለ፣ ከወንዙ በኋላ እንደ ቤት ግድግዳ የቆመ ዳገት። አራቱንም ጎማ በአንድ ላይ የሚያሠራውን አጭሩን ማርሽ አስገብቼ፣ የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ በስም ጠርቼ ለቀቅሁት። ጂፑ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ፣ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይንሸራተት ወጣ። አናቱ ላይ ስንደርስ ኮፈኑን መታ መታ አደረግኩትና ግራ ቀኝ አየሁ። ማንም አላየኝም። ዕድሜ ልኬን እንዲህ ነው፤ ጀግና የምሆነው ሰው በሌለበት ነው።

እሑድ፣ ሰባት ሰዓት፣ የእትዬ ደጅ

እትዬ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። እጇን ዘርግታ ማኪናውን እንደ በቅሎ ዳሰሰችው፤ መብራቱን፣ ኮፈኑን፣ ጎማውን።

«ሸጋ ነው፤ ደረቱ ሰፊ ነው» አለች። ከፊት ተቀመጠችና እዚያው ውስጥ ጃንጥላዋን ዘረጋች። ጣራ እንዳለው ብነግራትም «ፀሐይ ቀዳዳ ብታገኝበትስ?» ብላ አልዘጋችም።

ጎንደር ሀገረ ስብከት ጉዳይ የነበራቸው ቄስ አስረስ «ይባርክ» ብለው ከኋላ ገቡ። ጥሩዬ የምትባል ወጣት ሴት ደግሞ አራስ ልጇን ታቅፋ፣ አንድ ጆንያ ድንችም ይዛ፣ አምባ ጊዮርጊስ እናቷ ዘንድ አድርሰኝ አለችኝ። ብር ዘረጋችልኝ፤ ማኅተሙን አስቤ እምቢ አልኩ። ዶሮ አመጣች፤ እምቢ አልኩ። እንደገና አመጣች፤ አሁንም እምቢ አልኩ። በእኛ አገር ሦስተኛውን እምቢ ማለት ጠብ ነው። ዶሮዋን ለሦስተኛ ጊዜ ስታመጣት ተቀበልኳት።

ከዳባት አለፍ ብሎ

አንድ ትራፊክ ፖሊስ ቁም ብሎ እጁን አነሣ። ሊብሬውን ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ አየ።

«አባት፣ ለግል መገልገያ ይላል። እኔ የማየው ሦስት ተሳፋሪ፣ አንድ ሕፃን፣ አንድ ጆንያ ድንችና አንድ ዶሮ ነው። ግሉ የትኛው ነው?»

«ሁሉም ዘመዶቼ ናቸው» አልኩ፤ እኅቴን ብቻ እርግጠኛ ሆኜ።

«ስንት ከፈላችሁ?» አለ ወደ ኋላ።

ጥሩዬ መዋሸት አታውቅም። «እኔማ ብር አልቀበል ቢለኝ ዶሮ ሰጠሁት» አለች።

ልቤ ፍሬን መርገጫው ላይ ወረደ።

«በዓይነት ተከፍሏላ!» አለ ትራፊኩ። «ማኪናው ጣቢያ ይቆማል። ሰኞ ረፋድ ላይ ኃላፊው ሲመጣ ይታያል።»

ሰኞ ረፋድ! ቀጠሮው ሰኞ ሁለት ሰዓት ነው። ለመንኩ፤ ወረቀት አወጣሁ፤ በአማርኛ ሲያልቅብኝ በጀርመንኛ ጀመርኩ። ከጃንጥላው ሥር እትዬ፣

«ወርቁ፣ ምነው? ማንን ገጨህ?»

«ማንንም። እነዚህ ዘመዶችህ አይደሉም ነው የሚለኝ።»

«ታዲያ ተቆጥሮ ይታያላ!»

እትዬን የማያውቅ ይወቃት። በዚያ አገር ልጅ ከመዳሩ በፊት ሽማግሌዎች እሷ ዘንድ መጥተው ሰባት ቤት ያስቆጥራሉ። ስንቱን የተደገሰ ሠርግ በአንዲት ቅድመ አያት አፍርሳለች።

ቄስ አስረስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እኔ በክህነቴ አልዋሽም። ዘመድ መሆኔን አላውቅም። ይቁጠሩ፤ ካልሆንኩ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ።»

ከኋላችን የቆመ ሚኒባስ ተሳፋሪዎች ወርደው ከበቡን።

«ጥሩዬ፣ አባትሽ ማን ነው?»

«ደመቀ።»

«የደመቀስ?»

«ተገኘ።»

«ተገኘ ዓለሙ፣ ግራኙ?»

«አዎ እትዬ፣ በግራ እጁ ነበር የሚዘራ!»

«የዓለሙ እናት ብርቄ ናት። ብርቄና የእኛ አያት ካሣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አምስተኛ ቤት!» አለች እትዬ፤ አምስት ጣቷን በመስኮቱ አውጥታ ለትራፊኩ አሳየችው፤ እሱ ግን የቆመው በሌላው በኩል ነበር።

ቄሱ በእናታቸው በኩል ስድስተኛ ቤት ሆነው ተገኙ። እሳቸውም ደንግጠው፣ «ሃያ ዓመት የንስሐ አባቷ ስሆን ይህን አልነገረችኝም!» አሉ።

«ኃጢአት ነው እንዴ የምናዘዘው?» አለች እትዬ። ከሚኒባሱ ሰዎች አንዱ «እትዬ፣ እኔንም ይቁጠሩኝ!» ብሎ ጮኸ።

ትራፊኩ ሣቁን በሊብሬው ጋርዶ፣ «ዶሮዋስ?» አለ።

«ለበሽተኛ የመጣች መጠየቂያ ናት። ዓይኔን ታምሜ አይደለም እንዴ የምሄድ? ደግሞ አንተ ልጄ፣ ድምፅህ የጭልጋ ነው።»

«አዎ እማማ፣ አይከል ነው ቤቴ።»

«አይከል! የእናታችን አያት እኮ…»

«በቃ! በቃ እማማ!» ሊብሬውን በፍጥነት እጄ ላይ አስቀመጠው። «ከተቆጠርኩ ለዘመዱ አደላ ይሉኛል። ሳልቆጠር ሂዱልኝ!»

ጂፑ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። እሱም የፈራ ይመስለኛል።

ማክሰኞ፣ ጎንደር

ሰኞ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሆስፒታሉ በር ላይ ነበርን። የቀኝ ዓይኗን ገፈፉላት፤ ግራው በኋላ ይሆናል ተባለ። ማክሰኞ ፋሻው ሲነሣ እኔ ጂፑን ከንጋት ጀምሬ ሳሻሸው አድሬ… ይቅርታ፣ አርፍጄ፣ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር አቁሜው ነበር። ሠርገኛ እንደሚጠብቅ ሰው ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

እትዬ በነርሷ ክንድ ተደግፋ ወጣች። መጀመሪያ ያየችው ማኪናውን ነው።

«ይህ ነው?»

«ይህ ነው።»

«ወርቁ፣ አስቀያሚ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ጀርመን ስሄድ ጠጉሬ ጥቁር ነበር፤ ስመለስ ዓይኗ ተጋርዶ ጠበቀኝ። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች።

«ምነው ሳትነግረኝ አረጀህ?» አለች።

የጂፑን በር ከፈትኩላት።

ከፊት ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ጃንጥላዋን ከእግሯ ሥር ወሸቀችው። መስታወቱን አስወረደችኝ። ከሆስፒታሉ እስከ ማራኪ ያለው መንገድ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ እኛ ግን አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። «ቀስ በል፣ ያቺ ልጅ የለበሰችው ምንድን ነው? ቀስ በል፣ ያ ዛፍ ምን ዓይነት ነው? ቀስ በል እንጂ!» ከኋላችን ሚኒባሶቹ ጡሩንባቸውን ይነፋሉ።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ ሰዎች ስለ ማኪና ሲመክሩኝ ስለ ፍጥነቱ ብቻ ያወሩኝ እንደነበር ተማርኩ። ቀስ በማለት ግን ጂፔን የሚስተካከለው ማኪና ጎንደር ውስጥ የለም። ለሚነፉት ሁሉ በመስኮቱ እጄን እያውለበለብኩ፣ እንደ ንጉሥ ተንቀራፍፌ ቤቴ ገባሁ።