በማዳም መደብ ላይ የበቀለው ጤፍ

ጅቡቲ ላይ አረም አስቸገረን ብትሉ ደገኛው ይስቅባችኋል። ድንጋዩ በሚግልበት አገር ምን አረም! ውኃ ካፈሰሱለት ግን ይበቅላል፤ ያውም ከአበባው ቀድሞ። ውዴ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ሃዲዱ ገና ከድሬዳዋ ሳያልፍ ባሏን ተከትላ ከምንጃር ወረደች፤ ባሏን ወባ ነጠቃት። ከዚያ ወዲህ በፈረንጆች ሰፈር የአንዲት ማዳምን የአበባ መደቦች ስታርም ሃያ ዓመት ሞላት። አረም ከላይ የሚበጥስ ሰው ካየች አለቀለት። "ፀጉሩን እየላጨህለት ነው እንዴ? ሥሩን እንጂ!" እያለች ስንቱን አሳቃለች።

ታዲያ አንድ ኅዳር ማዳም የበቅሎ ፍግ አስመጥታ መደቡ ላይ አስበተነች። በቅሎዎቹ የሚበሉት ከደጋ በባቡር የሚወርድ ጭድ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በመደቡ ጥግ ቀጫጭን ቅጠል ብቅ አለ። ውዴ ልትነቅል እጇን ሰደደችና ክው ብላ ቀረች።

"ጤፍ! በእናቴ ጤፍ ነው!"

የምንጃር ማሳ፣ በካፊያ ተሰልፎ የሚያርመው ደቦ፣ ጫፉ ጭቃ የነካው የእናቷ ቀሚስ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባት። አይ አገር!

ማዳም ግን በግመል ተጭኖ የሚመጣ ውኃ ሳር አይጠጣውም፣ ንቀዪው አለቻት።

"የሀገሬ እህል ነው ማዳም! እስኪያፈራ ይታገሱኝ። ጤፍ ካልሆነ ያባርሩኝ!" አለች ውዴ አፏን ሞልታ። ማዳምም እሺ አለች።

ከዚያ ወዲያ ውዴ ከመጠጥ ውኃዋ እየቀነሰች አጠጣችው። ወፍ ስታባርር ትውላለች። ያገኘችውን ሁሉ "ጤፌን አያችሁልኝ?" ትላለች።

ጥር ላይ አፈራ። ውዴ ፋናዬን ጎትታ አመጣቻት፤ ፋናዬ ባሏን ተከትላ በዚያው ወር ከምንጃር የመጣች፣ የጎረቤት ወጥ ቤት ነች። ዘለላውን በጣቷ ደባብሳ ውዴን ቀና ብላ አየቻት።

"ምነው? ተናገሪ እንጂ!"

"እትዬ ውዴ... ይሄ እኮ ሳር ነው። እኛ ማሳ ላይ የምንነቅለው።"

"አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ!" ልትላት ነበር። ዘለላውን ደግማ አየችው። እውነቷን ነው። መባረሩ አይደለም ያመማት፤ ዓይኗ አገሩን መርሳቱ ነው።

ማዳም ብቅ አለች። "ጤፍሽ ይሄ ነው? ያምራል" አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። በዚያ ቤት ጤፍ የሚያውቅ ማን አለ? አዎ ብትል አለቀ። ውዴ ግን በሁለት እጇ ጨብጣ ነቀለችው።

"አረም ነው ማዳም። ተሳስቻለሁ። የፈለጉትን ያድርጉኝ።"

ማዳም ሳቀች። "አንቺን አባርሬ አበባዬን ማን ሊያርምልኝ?" ብላ ገባች።

ውዴ መሬቱ ላይ ዘፍ አለች። በዕድሜዋ ስለ አረም ማንንም ጠይቃ አታውቅም። የፋናዬን እጅ ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

"እስቲ እህቴ፣ ጤፉ ገና ቡቃያ ሳለ ምን ይመስል ነበር? ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።"