ለይማም የተጻፈው ማመልከቻ

ባለፈው ወር ደሴ ገበያ አንዲት ሴት የጆንያዋን አፍ ስትፈታ፣ ከጉድጓድ የወጣ ማሽላ ሽታ፣ ያ ኮምጠጥ ያለ፣ እርጥብ አፈርና ያደረ ሊጥ የሚመስለው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ዋጋ ልጠይቅ ቆሜ ሳልጠይቅ ተመለስኩ።

በደርግ ጊዜ ያደግሁበት ሰፈር ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሰፈርተኛው እስላም ሲሆን፣ ክርስቲያኖቹ እኛና ሌሎች ሦስት ቤቶች ብቻ ነበርን። አጥር የምንዋሰነው ከእትዬ ዘሃራ ጋር ነበር፤ ባሏ የሞተባት፣ ይማም የሚባል አንድ ልጅ ያላት ሴት ናት። ለፋሲካ ዶሮ ከነነፍሱ ትልክልናለች፤ ለአረፋ እናቴ በተራዋ ቅቤ ትልክላታለች። እኔ ከእሷ ቤት ስለማልጠፋ፣ አንድ ቀን የነፍስ አባታችን በተቀመጡበት ማዕድ ላይ «ቢስሚላህ» ብዬ እጄን ብሰድ፣ ቄሱ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፣ እናቴ ግን ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ታላቅ ወንድሜ ካሳና ይማም ደግሞ ከመዋደዳቸው የተነሳ ሰው ስማቸውን በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚጠራው።

አባቴ ዲቁና የተማረ፣ የእጅ ጽሑፉ ያማረ ስለነበር የቀበሌው ጸሐፊ ሆኖ ይሠራል። ወጣቶችን ለብሔራዊ ውትድርና የማፈሱ ነገር ሲመጣ፣ እትዬ ዘሃራ ሁለቱንም ልጆች ጓሮዋ በነበረው ባዶ የማሽላ ጉድጓድ ደብቃ አፉን በአገዳ ሸፈነችው። ምግብ የማደርስላቸው እኔ ነበርኩ። ካሳ ከታች ሆኖ ዘገየሽ ብሎ ይቆጣል፣ ይማም በእሱ ቁጣ ይስቃል።

በአራተኛው ቀን ማለዳ አባቴ ካሳን አውጥቶ ከአጎቴ ጋር ወደ ላስታ ላከው። እናቴ ስለ ይማም ብትጠይቀው፣ «እሱ ነገ ይሄዳል» አላት። ረፋዱ ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ደጃችን መጥቶ ቆመ። እኔ ከበሩ ኋላ በቆሎ እፈለፍል ነበር።

«አንድ ሰው ጎድሎናል። ያንተ ልጅ የት ነው?» አለው።

አባቴ መንገዱን ግራ ቀኝ አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔን ልጅ ተወውና የዘሃራን ጉድጓድ እየው» አለ።

ይማምን እጁን አስረው በደጃችን ሲያሳልፉት ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «ካሳ ራቀ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁለት። ፊቱ ፈካ አለ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘሃራ እኛ ቤት መጣች። «ጋሼ ገብሬ፣ ከእሱ ሌላ ልጅ የለኝም ብለህ ጻፍልኝ» አለችው። አባቴ በዚያ ባማረ ጽሑፉ ማመልከቻ ጻፈላት፣ አነበበላት፤ አሻራዋን አድርጋ መርቃው ሄደች። አሁን ያለቅሳል፣ አሁን ሮጦ ይነግራታል እያልኩ ስጠብቅ፣ እጁን ታጥቦ ምሳውን በላ። ዳዊት ያስደገመኝ አባቴ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አብሬው ደግሜ አላውቅም።

ይማም አልተመለሰም። ደርግ ወድቆ ሌሎቹ አንድ ሁለት እያሉ ሲገቡ፣ እሱ ቀረ። ካሳ አግብቶ ወለደ። አባቴ ሲሞት ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ከሁሉ ቀድማ የተቀመጠችው እትዬ ዘሃራ ነበረች።

ከዚያ ገበያ በኋላ ሳምንት ሳልቆይ ቆቦ ወረድኩ። የእትዬ ዘሃራ ዓይን ደክሟል፣ በድምፄ ነው የለየችኝ። ሁሉንም ነገርኳት።

«ማመልከቻውን ሲያነብልኝ ነው ያወቅሁት» አለች። «ቀና ብሎ አላየኝም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«የሰፈሩ ወንዶች ቢሰሙ ቤታችሁን በላያችሁ ያቃጥሉት ነበር። ያኔ ለማን ትጮሃላችሁ?» ቆየት ብላ ደግሞ፣ «አንቺ ግን ታውቂ ነበር። ስታድጊ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅሽ ኖርኩ» አለችኝ።

አባቴ ከዳን እያልኩ ስቆዝም የኖርኩት ሴትዮ፣ እኔም ቀና ብዬ አላየኋትም። ስነሳ ምርኩዟን ይዛ እስከ በሩ ሸኘችኝ። በልጅነቴ ሸኝታኝ አታውቅም፤ እንግዳ አልነበርኩማ።