መክፈቻ የሌላት አይሱዙ

ስንሻው ኮኪት ውስጥ የጭነት መኪና ቦዲ ሲበይድ ሠላሳ ዓመት ሞላው፤ ብሎን ከላይ የሚታይባት መኪና ግን ንፍጧን እንዳልጠረገች ሙሽራ ታስጠላዋለች። ስለዚህ በሪሞት የምትነዳ፣ ክንድ የምታህል አይሱዙ ሲሠራ ቦዲዋን ከሻንሲዋ ጋር ያያዘው ከተቃጠለ ስፒከር ፈልቅቆ ውስጧ በደበቀው ማግኔት ነው። ከስር በጣት ገፋ ሲያደርጓት ቦዲዋ ይላቀቃል፤ ከላይ ላያት ግን መክፈቻ የሚባል የላትም።

ሸሕዲ ላሉ ወዳጆቹ ሊያሳያት ታቅፏት ሚኒባስ ተሳፈረ። ኬላ ላይ ፈታሿ ተቀብላ አገላበጠቻት። ይሄ ድንበር ነው፤ መክፈቻው ያልታየ ዕቃ ሁሉ ኮንትሮባንድ ነው።

"አባባ፣ እዚህ ውስጥ ምን ደብቀዋል?"

"ማግኔት።"

"ማግኔቱስ ምን ይደብቃል?"

"ራሱን ነዋ፣ ልጄ!"

ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ስንሻው እየተነጫነጨ ከስር ገፋ ሲያደርጋት ቦዲዋ ብድግ አለ። ውስጧ ከማግኔቱ ሌላ ባትሪና ሽቦ ብቻ ነው።

ፈታሿ መኪናዋን አየች፤ እሱን አየች፤ ከልቧ አዘነችለት።

"ምነው አባባ! ድንበር ላይ እየኖሩ፣ እንዲህ ያለ መደበቂያ ሠርተው ባዶውን ይዘውት ይዞራሉ?"