ከምስጋናው በኋላ የተቆረጠው

በእኛ አገር ኑሮ እንዴት ነው የተባለ ሰው መጀመሪያ ያመሰግናል። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አልሐምዱሊላህ ይላል፤ ችግሩን የሚዘረዝረው ከዚያ ወዲያ ነው። የቴሌቪዥን ሰዎቹ ይህን አላወቁም። ወይም አውቀው ነው፤ እስከ ዛሬ አንጀቴ ያርራል።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ኮምቦልቻ። ስለ ኑሮ ውድነት ፕሮግራም እንሠራለን ብለው ካሜራ ተሸክመው ገበያ መጡና እናቴን በርበሬ ስትመርጥ አገኟት። እኔ ዘንቢሏን ይዤ አጠገቧ ቆሜያለሁ።

«ኑሮ እንዴት ነው፣ እናት?» አላት አንዱ።

ሻሿን አስተካከለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎደለብን» አለች። ከዚያ ቀጠለች፤ ስኳር ካየች ወር እንዳለፋት፣ ዘይት ተሰልፎም እንደማይገኝ፣ የጤፉን ዋጋ ሰምታ ባዶ ዘንቢል ይዛ እንደምትመለስ። እንዲያ አምርራ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። ኮራሁባት።

ቅዳሜ ምሽት ሰፈሩ በሙሉ ቀበሌው አዳራሽ ቴሌቪዥኑ ፊት ተሰበሰበ። እናቴ ብቅ አለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎደለብን» አለችና ጠፋች። ኑሮ ተወደደ የሚባለው የአሻጥረኛ ነጋዴ ወሬ ነው አለ ተናጋሪው። እናቴ አጠገቤ እጄን ይዛ ነበር፤ ለቀቀችኝ።

ከሁሉ የባሰው የጎረቤታችን ነገር ነው። የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ናት። ለቀበሌው ሱቅ ወረፋ የሚያዘው በድንጋይ ነበር፤ እሷ ማልዳ ሄዳ የራሷን ታስቀምጥና ከጎኑ የእናቴን ታኖርላታለች። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ የእናቴ ድንጋይ ቀረ። «ምንም ያልጎደለበት ሰው ወረፋ ምን ያደርግለታል» ብላለች አሉ። እናቴ ከሰልፉ ጭራ ቆማ ባዶ እጇን መመለስ ጀመረች፤ የጎዳት ግን ስኳሩ አልነበረም። እህል አልበላ አላት።

እኔ አላስችል አለኝ። የቴሌቪዥኖቹስ እንግዳ ናቸው፣ እሷ እንዴት ይጠፋታል? ደጇ ድረስ ሄጄ እናቴ ገበያ ላይ ያለችውን አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ሰማችኝና ወደ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ሱቁ ጋ ስንደርስ ሁለት ድንጋይ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ጎረቤታችን ቀና ሳትል፣ «ኑሮ እንዴት ነው?» አለቻት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች እናቴ።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

ሱቁ እስኪከፈት ነገረቻት። አንዴ ያለቅሳሉ፣ አንዴ ይስቃሉ።

አሁን የምኖረው ደሴ ነው፤ ሁለቱም በሕይወት የሉም። ቴሌቪዥኑ ዛሬም ስለ ኑሮ ውድነት ያወራል፤ ገበያ ሲያሳዩ ሥራዬን ትቼ አያለሁ፣ እናቴ የምትመጣ ይመስል። የቀረኝ አንድ የመታወቂያ ፎቶዋ ነው፣ ፎቶ ደግሞ አይናገርም። ድምፅዋ እየጠፋብኝ ነው። ያን ስረግመው የኖርኩትን ፊልም፣ እንደተቆረጠም ቢሆን፣ ዛሬ ቢሰጡኝ በሁለት እጄ እቀበል ነበር። ያችኑ አልሐምዱሊላህ ሰምቼ፣ «ከዚያስ፣ እማ?» እላት ነበር።