ለሮቦቱም ያልተነገረው

ባለቤቴን አፀደን በአክሲዮን ነገር የተከራከረ ሰው ተረትቶ ነው የሚመለሰው። እኔ ራሴ ስንቴ ተረትቻለሁ። አንዳንዱ «ገነነ አውቶቡሱን ይነዳል፣ ቤቱን ሚስቱ ትነዳለች» ይላል አሉ። ይበል። ውሸት አይደለማ፣ ምን ያናድደኛል።

አፀደ ታንፕላየር ናት። እዚህ ኦስሎ፣ ማዮርስቱን የሚባል ሰፈር ያለ ክሊኒክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ የሰው ጥርስ ታጸዳለች። ከምንኖርበት ከሊንደበርግ እስከዚያ ድረስ፣ ቲባነን በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን ሲጎረጉር፣ እሷ የኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት ታነባለች። ሪፖርቱን ያላነበበችውን ድርጅት አክሲዮን አትገዛም። አማካሪ የለ፣ ደላላ የለ፤ ራሷ መርጣ፣ ራሷ ገዝታ ነው። ሲወርድ አትደነግጥም፣ ሲወጣም አታወራም። አንዴ የገዛችው የመርከብ ድርጅት አፈር ድሜ በላ። ድንች እየላጠች «ሪፖርቱን እስከ ግማሹ ነው ያነበብኩት፣ ጥፋቱ የራሴ ነው» አለችና መላጧን ቀጠለች። እኔ ብሆን ሳምንት ሙሉ እህል አይወርድልኝም ነበር።

ወሬው ወጣና ሰው ምክር ፍለጋ ይመጣባት ጀመር። አብሮኝ አውቶቡስ የሚነዳው በየነ አንድ እሁድ ቤት መጥቶ «እስቲ እህቴ፣ ጥሩውን አክሲዮን ጠቁሚኝ» አላት።

«ገንዘቡ መቼ ነው የሚያስፈልግህ?»

«ለሰመር መኪና ልቀይርበት ነው።»

«እንግዲያው ባንክ ይቀመጥ» አለችው። በየነ ምስጢሯን ደበቀችኝ ብሎ ቅር አለው፤ ኩርፊያው ደግሞ በኔ ወጣ። እሷ ግን የመጣውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። በቅርብ የሚያስፈልግ ገንዘብ አክሲዮን ውስጥ አይገባም፤ ለማንም ብላ ይህን አትለውጥም።

ልጃችን ሩቲ እዚሁ ኦስሎ የተወለደች ናት። መምህር ሆና፣ ቶየን ሰፈር ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ተከራይታ ትኖር ነበር። ሕልሟ አንድ ነው፣ የራሷ ቤት። እዚህ አገር ባንክ ቤት መግዣ የሚያበድረው የራስህን ድርሻ ይዘህ ስትቀርብ ነው፣ ኤገንካፒታል ይሉታል። ሩቲ ተማሪ ሆና ሱቅ ስትሠራ ጀምሮ ለዚያ ታጠራቅማለች። በፈረንጆቹ 2017 ባንኳ ሮቦት አማካሪ የሚሉትን፣ በስልክ ጠያይቆ ገንዘብህን ራሱ የሚያስቀምጥልህን ፕሮግራም ሲያመጣ ያላትን ሁሉ ወስዳ ለሱ ሰጠችው።

አፀደ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «ሃያ ዓመት የለፋሁት ልጄ ገንዘቧን ለማሽን እንድትሰጥ ነው? ራስሽ አንብበሽ፣ ራስሽ አትመርጪም?»

«አይ፣ ማሚ። እኔ የልጆች ደብተር ሳርም ነው የምውለው። ሪፖርት አንብቤ አልጨርስም። እሱ ይጠይቀኛል፣ እመልስለታለሁ። ከዚያ ብዙ ቦታ ይበትነዋል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይይዘዋል።»

አፀደ አሰበችበት። የምወድላት ይህን ነው፤ እውነት ከሆነ ትቀበላለች። «ለማያነብ ሰው ሮቦቱ ይሻላል» አለች። «ከሰው ወሬማ በስንት ጣዕሙ። ግን እንደ ባትሪ የጥርስ ብሩሽ ነው። ራሱ ይዞራል እንጂ የቱ ጥርስሽ እንደሚያምሽ አያውቅም።»

በዓመቱ፣ 2018 ሰመር ላይ፣ ሩቲ እኛ ጋ መጥታ በጃንዋሪ ቤት ልትገዛ እንደሆነ በሹክሹክታ ነገረችን። አፀደ ቀና አለች።

«ሮቦቱ ገንዘቡ መቼ ያስፈልግሻል ሲልሽ ምን አልሽው?»

ሩቲ ተሽኮረመመች። «ከአስር ዓመት በኋላ። ለተለየ ጉዳይ አይደለም አልኩት።»

«ለምን?»

«አንቺ ነሻ። ያልተጨበጠ ነገር አይወራም እያልሽ አይደል ያሳደግሽኝ? ቤት ልገዛ ነው ብዬ መጻፍ ፈራሁ፣ እንዳይከሽፍብኝ።»

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አፀደ ግን አልሳቀችም። ልጅቷ እውነቷን ነው። የኛ ቤት ነገር እንደዚያ ነው፤ ይህን አፓርታማ ስንገዛ እንኳ ወዳጅ ዘመድ የሰማው ሶፋው ከተጫነ በኋላ ነው። ሮቦቱም ምን ያድርግ፣ አስር ዓመት ስትለው አመነና ገንዘቡን አብዛኛውን አክሲዮን ውስጥ ከተተው። ገበያው ጃንዋሪ ሳይደርስ ቢወርድ ቤቱ ቀረ ማለት ነው።

«ሮቦት አይመቀኝም» አለቻት አፀደ። «አሁኑኑ ንገሪው።»

ሩቲ እዚያው ሶፋው ላይ መልሷን ቀየረች፤ ለቤት፣ ለጃንዋሪ። ሮቦቱ ገንዘቡን ቀስ እያለ ዋጋው ብዙ ወደማይዋዥቅ ፈንድ አዛወረው። ገበያው ግን መውጣቱን ቀጠለ። ሩቲ በየሳምንቱ እየደወለች «ብተወው ኖሮ እኮ ማሚ» ትላለች። አፀደ «ዝም በይ» ትላታለች።

ኦክቶበር ላይ መውረድ ጀመረ፣ ዲሴምበር ላይ ቁልቁል ሄደ። የሩቲ ገንዘብ ግን ምንም ሳይል ተቀመጠ። ጃንዋሪ ላይ ከኛ ሕንፃ ማዶ ላለች ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ በስልክ ተጫርታ አሸነፈች። እሷ ስትጫረት እኔን ላብ አጠመቀኝ።

ቁልፉን በተረከበችበት ቀን ሦስታችንም ባዶው ኩሽና ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጠን በላን። አፀደ የቃሪያ ጠርሙስ ልትከፍት ታገለች። በቀኝ እጇ ሞከረች፣ ወደ ግራ አዛወረችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ሩቲ አየቻት።

«ማሚ፣ ያንቺ አክሲዮንስ?»

«ወርዷል። ይመለሳል።»

«መቼ ነው የሚያስፈልግሽ?»

አፀደ ሰውን ሁሉ የምትጠይቀው ጥያቄ ነው፤ እሷን ግን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ዘንድሮ» አለች በመጨረሻ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀኝ እጇ ሲደነዝዛት ኖሯል፣ መሣሪያ የምትይዝበት እጅ። ሥራዋን በሳምንት ወደ ሦስት ቀን ልታወርድ፣ የጎደለውን ደሞዝ ከአክሲዮኑ ልትሞላ አስባ ነበር። ለማንም አልተናገረችም። ተናግራ ቢቀርስ? ጭራሽ ዘንድሮ የሚያስፈልጋትን እንኳ ለይታ ባንክ አላስቀመጠችም። «ያን ሁሉ ሪፖርት ሳነብ ራሴን አልጠየቅኩም» አለች።

እኔ ተናደድኩ። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህን የምሰማው እንደ እንግዳ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው? «እኔስ ሮቦት ነኝ?» አልኳት። «ለልጅሽ ሮቦት ይነገረው አልሽ፣ ለኔ ግን አይነገርም?»

ሩቲ መሬት መሬት አየች። አፀደ ወደኔ ዞረች።

«ገነነ፣ እጄን ያመኛል» አለችኝ።

ንዴቴ ወዴት እንደሄደ እንጃ። ያቺን እጅ ያዝኳት። አክሲዮኑ በርካሽ አይሸጥም፣ እስኪመለስ የኔ ደሞዝ አለ፣ ሰኞ ክሊኒኩ ሄደሽ ሦስት ቀን ነው የምሠራው ብለሽ ንገሪያቸው አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ በገንዘብ ነገር ሳትከራከረኝ ተስማማች።

ሰኞ ሄዳ ነገረቻቸው። ጸደይ ላይ ገበያው ሲያገግም የሚያስፈልጋትን ያህል ሸጣ ባንክ አስቀመጠች። የቀረውን እስካሁን ራሷ ታስተዳድረዋለች፣ ሪፖርቷንም ታነባለች። በሳምንት ሦስት ቀን ትሠራለች፤ ቤት ውስጥ ጠርሙስ መክፈት የኔ ሥራ ሆኗል።