በእናቷ ስም የለቀመችው

ፓቂያም በአርባ አንድ ዓመቷ ፊደል ቆጠረች። እሰየው! ሃያ ስድስት ዓመት ሻይ ቅጠል ስትለቅም ኖራ፣ የእርሻው የመጀመሪያዋ ሴት ካንጋኒ እንድትሆን ተመረጠች። ካንጋኒ ማለት ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ሲለቅሙ ከኋላቸው ጃንጥላ ይዞ «ፍጠኑ!» የሚል ሰው ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ደግሞ ወንድ ብቻ ነበር።

ለካንጋኒነት የሚያበቃትን ሥልጠና ያመጣው የከተማ ሴቶች ድርጅት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለስድስት ወር። ማንበብ፣ መጻፍ፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገር። የሜዳው አለቃ ሳንታናም ግን ገና ሳትጀምር በሯ ላይ መጥቶ ቆመ።

«ፓቂያም፣ ደንቡን ታውቂያለሽ። ስምሽ ከሻዩ ከቀረ ቤቱም ቀረ።»

ውሸቱን አይደለም። እዚያ ተራራ ላይ ቤት የሰው አይደለም፣ የስም ነው። ከየቤቱ አንድ የለቃሚ ስም በየቀኑ ሻይ ውስጥ መዋል አለበት፤ አለዚያ ያቺ አያቶቿ የሞቱባት አንድ ክፍል ለሌላ ትሰጣለች። ባልየው እንደሆነ ኮሎምቦ ሱቅ እቀጠራለሁ ብሎ እንደወጣ ቀርቷል።

«ታዲያ ምን ይሻለኛል፣ ጌታው?»

«ልጅ አለችሽ አይደል? በስምሽ ትልቀምልሽ። እኔ አይቼ እንዳላየ እሆናለሁ።»

ሱጋንቲ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከክፍሏ አንደኛ ናት፤ በሚቀጥለው ዓመት ትልቁን ፈተና ወስዳ ነርስ ልትሆን ነው። ፓቂያም ያን ሁሉ ዘመን አቀበቱን የወጣችው ይቺ ልጅ ቅርጫት እንዳትሸከም ብላ ነው።

«አይሆንም፣ ሞቼ ነው ቆሜ!» አለች።

«ኧረ እማ! ሦስት ቀን እኮ ነው። የቀረብኝን ከጓደኞቼ እገለብጣለሁ። አንቺ ካንጋኒ ስትሆኚ ቤቱን ስምሽ ይጠብቀዋል፤ እኔም ወደ ክፍሌ።»

«ሰው ምን ይለናል?»

«"እናት ተማሪ፣ ልጅ ሠራተኛ" ይሉናላ! ይሳቁብና።»

ራሳቸውም ሳቁ፤ ፓቂያምም ተሸነፈች። ሻይ እስከ ጉልበት ቢከረከም ጊዜውን ጠብቆ መልሶ ያቆጠቁጣል። ትምህርትም እንደዚያው መሰላት። ከየት ታውቀው?

መማሩ ደግሞ ጣማት፣ ምን ይዋሻል! የአውቶብሱን ሰሌዳ አነበበች፤ የመድኃኒቱን ብልቃጥ አነበበች፤ በአውራ ጣት መፈረም ቀረ። ቤት ስትገባ «ስሚኝ፣ ስሚኝማ» እያለች ለልጇ ታነብላታለች። ሱጋንቲ ጣቶቿ በቅጠሉ ጭማቂ ጠቁረው፣ እግሯን አልቅት መጥጦት፣ ግድግዳ ተደግፋ «ጎበዝ እማ» ትላለች፤ ገጹ ሳያልቅ እንቅልፍ ይጥላታል። ሦስቱ ቀን አራት ሆነ። ዝናቡ ቅጠሉን ሲያበዛውና የእናቷ እጅ ብቻ አልበቃ ሲል ስድስት ሆነ። ፓቂያም አላየችም እንዳትሉ፤ አይታለች። «ትንሽ ነው የቀረው» እያለች ራሷን ትሸነግል ነበር።

የምረቃው ቀን የአበባ ጉንጉን አጠለቁላት። የከተማዋ አሠልጣኝ «ሴትን ማስተማር ቤተሰብን ማስተማር ነው» ብላ ተናገረች፣ ተጨበጨበ።

በማግሥቱ ልጇን ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም።

«እህቴ፣ የፈተናው ምዝገባ ተዘግቷል። እሷ ክፍል ከገባች አራት ወር አለፋት። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ላክንልሽ እኮ።»

«የምን ደብዳቤ?» ፓቂያም ወደ ልጇ ዞረች።

ሱጋንቲ አንገቷን ደፋች። «ደበቅኩት።»

«ለምን?»

«ማንበብ ችለሽ ነበራ! ብታነቢው ሥልጠናውን ትተዪዋለሽ።»

ፓቂያም ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ርዕሰ መምህሩ ሱጋንቲ በሚመጣው ዓመት ከታናናሾቿ ጋር ልትማር እንደምትችል ነገራት። እሺ፣ ይሁን፣ ከታናናሾቿም ጋር ቢሆን! በዚያው እግሯ ወደ ሳንታናም ሄደች።

«ጌታው፣ ካንጋኒ ሆኛለሁ። ልጄ ከዛሬ ጀምሮ አትለቅምም።»

«ጥሩ። ቤቱንስ በማን ስም ልያዘው?»

«በእኔ ነዋ!»

«ካንጋኒ መች ይለቅማል? ቤቱ የለቃሚ ነው፣ ፓቂያም። ይኼንን አላስተማሩሽም?»

«እንግዲያው ካንጋኒነቱ ይቅርብኝ፤ ቅርጫቴን ስጡኝ!»

እዚህ ላይ ሱጋንቲ ክንዷን ያዘቻት። «እማ፣ ተይ። ለምኜሽ ነው። እኔስ ቀርቶብኛል፤ አንቺም ከቀረብሽ የለፋሁት ለምንድን ነው?»

ፓቂያም ስታለቅስ ሰነበተች። ካንጋኒነቱን ግን ተቀበለች።

ሰኞ ጠዋት ሠላሳ ሴቶች ቅርጫታቸውን ከጀርባቸው አዝለው፣ ማንገቻውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ተሰለፉ። ፓቂያም መዝገቡን ይዛ ስም ትጠራ ጀመር። አልተደናቀፈችም፤ ሴቶቹ «አቤት ንባብ!» እያሉ ይኮሩባታል። አሥራ ሁለተኛው ስም ላይ ደረሰች።

«ሱጋንቲ።»

«አለሁ፣ ካንጋኒ!»

ሴቶቹ ሳቁ። ፓቂያም ግን የሚቀጥለውን ስም ማንበብ አቃታት።