በ«ጌት» የተከሰስኩ ቀን

ቡሬ ላይ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። «ጌት» የሚለውን ግስ ሳምንቱን ሙሉ አስተምሬ እንደጨረስኩ ርእሰ መምህሩ ጠራኝ። «በ‹ጌት› ጉዳይ ወላጅ ከሶሃል» አለኝ። ደሜ ፈላ!

ቢሮ ስገባ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ የዝንብ ጭራ ይዘው ተቀምጠዋል። የቅኔ መምህር ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ተማሪዬ ናት። አፋቸውን ሳይከፍቱ ጮህኩባቸው።

«የኔታ፣ ይሄ ግስ ማግኘት ነው፣ መድረስ ነው፣ መሆን ነው፣ መረዳትም ነው! ሳምንት በዛበት? እንግዲያው እርስዎ ይምጡና ያስተምሩት!»

የኔታ ጭራቸውን ጣል አድርገው ከእኔ ብሰው ተቆጡ።

«ማን በዛ አለዎ? ልጅቱ ‹ዛሬ ሌላ ግስ ጀመርን› ብትለኝ ነው የመጣሁ። እኔ ደቀ መዝሙሬን በአንድ ግስ አከርመዋለሁ። እርስዎን ማን ቢያባርርዎ ነው በሳምንት ጥለውት የሮጡ?»